ጠርሙሱን አዙሩት፦ ስለ ፀጉር ጄልና ክሬም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ሰሞን የመታጠቢያ ቤቴን መደርደሪያ ሳጸዳ አሥራ አንድ ዕቃ ቆጠርኩ። ጄል፣ ክሬም፣ ሙስ፣ ስፕሬይ። አንዱማ መለያው ስለተላጠ ምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ሁሉም ተጀምረዋል፤ አንዱም አላለቀም። የገዛኋቸው ፊት ለፊታቸው ላይ ያለችውን ልጅ አይቼ ነው፤ ያቺን ዞማ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የሚፈሰውን። የእኔ ደግሞ ዞማ አይደለም። ከርዳዳና ጥቅልል መሀል ያለ፣ ዝናብ ሲሸተው የሚያብጥ ጎፈሬ ነው።

ጠርሙሱን እያዞርኩ ጀርባውን ማንበብ የጀመርኩት ብዙ ገንዘብ ካባከንኩ በኋላ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ኬሚስትም አይደለሁም። ግን ዘመድም ጓደኛም ጎረቤትም እየደጋገመ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። መልሱን እዚህ ላስቀምጠውና ልረፍ።

ጀርባው ላይ የተደረደረው ረጅም ስም ሁሉ ምንድን ነው? ከየት ልጀምር?

ከላይ ጀምሩ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በክብደት ትልቁን ድርሻ የያዘው ነው። ጄል ላይ ይኼ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውኃ ነው፤ «አኳ» ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ካወቃችሁ ዕቃውን አወቃችሁት ማለት ነው።

መጠናቸው ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን አምራቹ በፈለገው ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዘዴ ላሳያችሁ። «ፌኖክሲኤታኖል» የሚል ስም ፈልጉ። ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1 በመቶ መብለጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ቢበዛ 1 በመቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ። ከእኔ መደርደሪያ አንዱን ላንብብላችሁ። ፊቱ ላይ ትልቅ የአርጋን ፍሬ ሥዕል አለበት። ጀርባው ግን እንዲህ ይላል፦ ውኃ፣ ፒቪፒ፣ ግሊሰሪን፣ ካርቦመር፣ ትራይኤታኖላሚን፣ ፌኖክሲኤታኖል፣ ፓርፉም፣ የአርጋን ዘይት፣ ቀለም። አርጋኗ ከሽቶው በኋላ መጣች። በድስቱ አጠገብ አለፈች እንጂ ወጡ ውስጥ አልገባችም።

ዕፅዋት በላቲን ስማቸው ስለሚጻፉ ብዙ ሰው ኬሚካል ይመስሉታል። «አሎ ባርባዴንሲስ» እሬት ነው። «ሪሲነስ ኮሙኒስ» ጉሎ ነው። «ሊነም ኡሲታቲሲመም» የሚለው ምላስ የሚያስር ስም ደግሞ ተልባ። ጓሮ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት እሬት በላቲን ስትጠራ ዋጋዋ ይንራል።

«ፓርፉም» ሽቶ ነው። በአንድ ቃል ብዙ ነገር ተጠቅልሎበታል። የራስ ቆዳችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ጄል ፀጉርን አንቆ የሚይዘው በምንድን ነው?

ሲደርቅ ስስ ሽፋን በሚሠሩ ፖሊመሮች፤ እንደ ረጅም ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ነገሮች ናቸው። በጣም የታወቀው ፒቪፒ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊቪኒልፒሮሊዶን። ውኃው ሲተን ሽፋኑ ይቀራል፤ አጠገብ ላጠገብ ያሉትን ፀጉሮች ያያይዛቸዋል። ድሮ የፀጉር ስፕሬይ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ነበር። ያንን ከፀጉር ለማስለቀቅ ፍዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፒቪፒ ሲመጣ በውኃ የሚታጠብ ስለሆነ ቦታውን ወሰደ።

ጄል ተቀብታችሁ ሲደርቅ ፀጉራችሁ እንደ ደረቀ እንጀራ ቅርቅር ካለ አትደንግጡ። ያ ሽፋኑ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ መዳፋችሁ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አሹና ፀጉሩን ከታች ወደ ላይ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቅርቅርታው ይሄዳል፤ ጥቅልሉ ይቀራል። ብዙ ሰው ገና እርጥብ እያለ ይነካካውና «ይኼ ጄል አይሠራም» ይላል።

ጄል ስቀባ ነጭ ነጭ ነገር ይወጣብኛል። ፎረፎር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ጥቁር ቀሚስ ለብሻለሁ። ጠዋት ፀጉሬን ታጠብኩ፤ ሳይታጠብ የሚተውን ኮንዲሽነር ቀባሁ፤ በላዩ ላይ አዲስ የገዛሁትን ጄል። መስታወት ፊት ግሩም ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው እስክስታ ሲጀመር አንዲት እናት ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ዱቄት ሲነፋ አጠገብ ነበርሽ እንዴ?» አሉኝ። ትከሻዬ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ነጠላ ደርቤ ዋልኩ።

ጥፋቱ የጄሉ አልነበረም፤ የኮንዲሽነሩም አልነበረም። የሁለቱ ጋብቻ ነበር። ብዙ ጄል የሚወፍረው ካርቦመር በሚባል ነገር ነው። ካርቦመር ጄሉ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ኮንዲሽነር ውስጥ ፀጉር የሚያለሰልሱት እንደ ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ ያሉት ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው። ሲገናኙ ተጠማጥመው ይረጋሉ፤ ልክ ወተት ውስጥ ሎሚ እንደጨመቃችሁ። የረጋው ሲደርቅ ይቀረፋል፤ የቀረፈው ነው ትከሻ ላይ የሚራገፈው።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከመቀባታችሁ በፊት የሁለቱንም ትንሽ ትንሽ መዳፋችሁ ላይ አድርጉና በጣት አሹት። ልስልስ ብሎ ከተዋሐደ ይስማማሉ። ኳስ ኳስ ካለ ወይም እንደ አይብ ከቋጠረ አይስማሙም፤ አንዱን ለውጡ። ይህን መዳፍ ላይ መፈተን ከማንኛውም ምክሬ በላይ እወደዋለሁ።

የካርቦመርን ጠባይ በዓይናችሁ ማየት ካማራችሁ ደግሞ ትንሽ ጄል ሳህን ላይ አድርጉና ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ነስንሱበት፤ በጣት አማስሉት። ያ ጠንካራ ጄል ዓይናችሁ እያየ ውኃ ይሆናል። ካርቦመሩን ወጥሮ ያቆመው የቻርጁ መገፋፋት ነበር፤ ጨው ያንን ያከሽፈዋል። ልጆች ካሉ አሳዩአቸው፤ ይገርማቸዋል።

ሌላው ምክንያት መጠን ነው። በደረቀ ጄል ላይ በማግስቱ ሌላ ጄል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ። የተደራረበው ይቀረፋል። ታጠቡት።

እውነተኛው ፎረፎር ግን ሳይቀቡም ይመጣል፤ የራስ ቆዳን ያሳክካል፤ ቅባትነት ያለው ቢጫ ቢጫ ቅርፊት ሊኖረው ይችላል። ክብ ሆኖ ፀጉር የሚበላ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ያኔ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነው መሄድ።

ጄሌ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ! ይኼ ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ) ውስጥ ያለው አይደለም እንዴ?

ስሙ ያው ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል። ይህን ጥያቄ አንዲት ጓደኛዬ በእኩለ ሌሊት ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ካርቦመር ውኃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ አሲድነት ያለው ቀጭን ፈሳሽ ነው። ጄል የሚሆነው አሲዱን የሚያበርድ ነገር ሲጨመርበት ነው። አንዳንዱ አምራች ትራይኤታኖላሚን ይጠቀማል፤ አንዳንዱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። ጠብታው ከካርቦመሩ ጋር ተዋግቶ እዚያው ያልቃል፤ የሚቀረው ጄል ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 7 የተጠጋ ነው፤ እንደ ውኃ።

ሪላክሰር ላይ ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ራሱ ነው ሠራተኛው። ወደ 2 በመቶ ገደማ ይኖራል፤ ፒኤቹ 12 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ፀጉሩን ይበላል፤ ቆዳ ሲነካም ያቃጥላል። እንግዲህ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩ ላይ የት እንደተቀመጠ፣ ከማን ጎን እንደሆነም እዩ። መጨረሻ አካባቢ፣ ካርቦመር ካለበት ዕቃ ውስጥ ከሆነ ተኙ።

«አልኮል የለውም» የሚለውን ብቻ ነው መግዛት ያለብኝ?

አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም። «አልኮል ዲናት» እና «አይሶፕሮፒል አልኮል» የሚባሉት ቶሎ የሚተኑ ናቸው። ስፕሬይና አንዳንድ ጄል ውስጥ የሚገቡት ቶሎ እንዲያደርቁ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆኑና ፀጉራችሁ ከመነሻው ደረቅ ከሆነ አይጠቅሟችሁም።

«ሴቲል»፣ «ስቴያሪል»፣ «ሴቴያሪል» የሚሉት ግን እንደ ሰም የጠጠሩ፣ ነጭ፣ ቅባት የሆኑ ነገሮች ናቸው። ኮንዲሽነርና ክሬም ወፍራምና ለስላሳ የሚሆነው በእነሱ ነው። አልኮል የሚለውን ቃል አይታችሁ ጥሩ ክሬም መልሳችሁ እንዳትመጡ።

አንድ ነገር በዚሁ ላንሳ። ቶሎ የሚተን አልኮል እሳት ይወዳል። ስፕሬይ ነፍታችሁ ወዲያው ቡና የሚፈላበት ከሰል ላይ ጎንበስ አትበሉ። ሻማም ያው ነው።

ግሊሰሪን ለአንዷ መድኃኒት፣ ለሌላዋ መዘዝ የሆነው ለምንድን ነው?

አየሩ ነዋ። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል። በአካባቢው እርጥበት ካለ ከአየሩ ይወስዳል፤ ከሌለ ደግሞ ፀጉሩን ደርቆ እንዲቆይ ሊያደርገው ይችላል።

እህቴ ጅዳ ነው ያለችው። አንድ ዓመት ለገና ስትመጣ የምትወደውን ጄል ሁለት ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። እሷ እዚያ ባሕሩ አጠገብ ስትቀባው አየሩ ከመርጠቡ የተነሳ ከቤት ስትወጣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ እየተነፋ ስላስቸገራት «ላንቺ ይሁንሽ» ብላ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ተቀባሁት። የእኔ አልተነፋም፤ እንደ ገለባ ከረረ እንጂ። በሐምሌ ደግሞ ያንኑ ጄል ስቀባው መነፋት ጀመረ። ጠርሙሱ አልተለወጠም፤ ሰማዩ ነው የተለወጠው።

ስለዚህ በበጋ ግሊሰሪን ከላይ ሦስተኛ አራተኛ የሆነበትን ከተቀባችሁ ፀጉራችሁን መጀመሪያ በደንብ አርጥቡ፤ ከጄሉ በኋላ ትንሽ ዘይት በላዩ ዝጉበት። ባሕር ዳርቻ ከተማ ያላችሁ፣ ወይም ክረምቱ የሚያስቸግራችሁ፣ ግሊሰሪኑ ወደ ታች የወረደበትን ፈልጉ። የአሜሪካና የአውሮፓ ክረምት ላይ ደግሞ ማሞቂያ ያለበት ቤት ውስጡ ከታኅሣሥ አዲስ አበባም የባሰ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

ሲሊኮን መጥፎ ነው?

አይደለም። «ኮን» ብለው የሚያልቁት ስሞች፣ ለምሳሌ ዲሜቲኮን፣ ፀጉሩን ይሸፍኑታል፤ ያንጸባርቁታል፤ ፔስትራ ሲነካው ጉዳቱን ይቀንሱለታል። ችግሩ ዲሜቲኮን በውኃ ብቻ አለመልቀቁ ነው። ሻምፖ የማትጠቀሙ ከሆነ ይደራረባል፤ ፀጉሩም ይከብዳል። በሻምፖ የምትታጠቡ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ፓራቤን የሌለበትን ፈልጊ ይሉኛል። እውነት ነው?

ውኃ ያለበት ነገር መከላከያ ከሌለው ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል። ፓራቤን ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው። ፍርሃቱ የነገሠው እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የወጣ አነስተኛ ጥናት ፓራቤንን የጡት ዕጢ ውስጥ አገኘሁ ካለ በኋላ ነው። ጥናቱ ፓራቤን ካንሰሩን አመጣ አላለም፤ ወሬው ግን ቀደመው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 አምስት ዓይነት ፓራቤኖችን ከለከለ። ሜቲልና ኤቲል ፓራቤን ግን በመጠን ተገድበው እስከ ዛሬ ይፈቀዳሉ።

አስቂኙ ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አምራቾች ፓራቤንን ሸሽተው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ወደሚባል መከላከያ ዞሩ። እሱ ደግሞ ብዙ ሰው ቆዳው ላይ አለርጂ አወጣበትና የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይታጠቡ ከሚተዉ ምርቶች አስወጣው። የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 እሱን «የዓመቱ አለርጂ ቀስቃሽ» አለው። በ2019 ደግሞ ፓራቤኖችን «የዓመቱ አለርጂ የማይቀሰቅሱ» ብሎ ሰየማቸው። ከእሳቱ ወደ ረመጡ ማለት ይኼ ነው። እኔ በበኩሌ «ከእንትን ነጻ» የሚለውን ጽሑፍ አይቼ አልገዛም፤ የተወውን በምን ተካው እላለሁ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ የተልባ ጄል ይሠራል?

ይሠራል፤ ደግሞም ርካሽ ነው። ተልባ ውኃ ሲነካው ልጋግ እንደሚያወጣ ጾም የጾመ ሁሉ ያውቃል። ያ ልጋግ ሲደርቅ ልክ እንደ ፒቪፒ ስስ ሽፋን ይሠራል። ልዩነቱ ለስለስ ያለ መሆኑ ነው፤ አጥብቆ አይይዝም።

አሠራሩ ይኼ ነው። ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ ተልባ ያስፈልጋል። እቤት ያለው ለመጠጥ ተቆልቶ የተወቀጠ ከሆነ አይሆንም፤ ማጥለል አትችሉም። ሩብ ብርጭቆ ተልባ ልቀሙና በሁለት ብርጭቆ ውኃ ጣዱት። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ። ማንኪያውን ስታነሱት እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሳበ ሲወርድ አውጡት። ትንሽ ዘግይታችሁ ከሆነ ማጥለሉ ይከብዳል፤ እኔ አንዴ ስልክ ሳናግር ረስቼው ድስቱን ከተልባው ለማላቀቅ ማታውን ሙሉ ፈጅቻለሁ። በትኩስነቱ በንጹሕ ስቶኪንግ ወይም በስስ ጨርቅ አጥልሉት። እጃችሁ እንዳይቃጠል ስቶኪንጉን በሁለት ማንኪያ መሀል ጭመቁት።

መከላከያ ስለሌለው ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። ሽታው ከተለወጠ ወይም ውኃ ከለየ ድፉት። የበረዶ መሥሪያ ውስጥ አፍስሳችሁ ብታስቀምጡት ደግሞ በየጊዜው አንድ አንድ እንክብል እያወጣችሁ ትጠቀማላችሁ።

አብሽም ልጋግ አለው። ግን ሽታው ሦስት ቀን ይከተላችኋል። ቢሮ ለምትሄዱ አልመክርም።

እማማ ቅቤ ተቀቢ ይሉኛል። ዘመን ያለፈበት ነው?

እማማን አክብሩ። ለጋ ቅቤ፣ አንዳንዴም ከአደስ ጋር ተለውሶ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው በከንቱ አይደለም። የአፋር ወንዶች ፀጉር ቅቤ የሚቀባው፣ የሐመር ሴቶች ቅቤና ቀይ አፈር የሚለውሱት ቅቤ የሚሠራው ነገር ስላለው ነው።

የሚሠራውና የማይሠራው ግን ይለይ። ቅቤ አብዛኛው፣ ወደ 80 በመቶው፣ ስብ ነው። ስብ ፀጉሩን ይሸፍናል፤ ያለው እርጥበት ቶሎ እንዳይወጣ ይዘጋል። እርጥበት ግን አያመጣም። ስለዚህ በደረቅ ፀጉር ላይ መቀባት ድርቀቱን ማሸግ ነው። ውኃ ነካ አድርጉትና ቀቡ። ቅቤው ሲቆይ የሚከረፋው ስቡ ተበታትኖ ቡቲሪክ አሲድ ስለሚለቅቅ ነው፤ ለጋውን የሚመርጡት ሴቶች ኬሚስትሪ ሳይማሩ ያውቁታል። ሁለት ሦስት ሰዓት አቆይታችሁ ታጠቡት። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን የራስ ቆዳው ላይ ባይቀባ ይሻለዋል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ስብ ነው ምግቡ።

የኮኮናት ዘይት ደግሞ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉሩ የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የሱፍ ዘይትና የማዕድን ዘይት ይህን አላደረጉም። ምክንያቱ ወደ ፀጉሩ ውስጥ መግባት መቻሉ ነው። ጉሎ ፀጉር ያሳድጋል የሚባለው ግን ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ያብለጨልጫል፤ ወፍራም ያስመስለዋል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚያድገው፤ ቅባት ያንን አያፋጥንም።

ጄል ፀጉር ይነቅላል? ወንድሜ መላጣው የመጣው በጄል ነው ይላል።

ወንድምሽ አባቱን ይይ። ጄል የሚቀመጠው ከቆዳ ውጭ ባለው ፀጉር ላይ ነው፤ ሥሩ ጋ አይደርስም። የደረቀ ጄል ያለበትን ፀጉር በግድ ማበጠር ግን ይሰብረዋል። መሰበርና መነቀል ይለያያል፤ የተነቀለው ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እንክብል አለው።

የሴቶቹ ነገር ሌላ ነው። ግንባር ላይ ያለችውን ቤቢ ሄር በጠንካራ ጄል አጣብቆ፣ ሹሩባውን ዓይን እስኪሰነጠቅ ጎትቶ፣ ሲፈታ ወዲያው ደግሞ ሌላ። ጥፋተኛው መጎተቱ ነው፤ ጄሉ ተባባሪ ነው። በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ፀጉር መሳሳት ከጀመረ ቶሎ ካቆማችሁ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ሥሩ ይሞታል፣ አይመለስም። ፀጉር ቤት ተቀምጣችሁ ሲያማችሁ «ቻዪው፣ ቁንጅና ነው» ካሏችሁ ተነሡ። በተለይ ሕፃናትን አስነሡ።

ፀጉር ቤት ኬራቲን ስሠራ ዓይኔ አለቀሰ። ምን ነበር?

ፎርማልዴሃይድ ሊሆን ይችላል። ፀጉር የሚያለሰልሱ አንዳንድ ምርቶች ውስጥ አለ። በፔስትራ ሲሞቅ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጠርሙሱ ላይ «ፎርማሊን» ወይም «ሜቲሊን ግሊኮል» ቢልም ያው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነት መሥሪያ ቤት «ፎርማልዴሃይድ የለውም» የተባለ ምርት ውስጥ ሳይቀር ማግኘቱን አስታውቋል። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ግን ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ፀጉር ሠሪዎቹ ናቸው። መስኮት ይከፈት።

ስለ ማለስለሻ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጥቷል። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ፣ ጨርሶ ያልተጠቀሙት ደግሞ 1.64 በመቶ እንደሆነ ገምቷል። ማለስለሻው ራሱ ነው ያመጣው ብሎ አላረጋገጠም። ለእኔ ግን ለማሰብ በቂ ነበር፤ ጎፈሬዬን ትቼዋለሁ።

አዲስ ዕቃ ስገዛ እንዴት ልሞክረው?

አንድ በአንድ። ሻምፖ፣ ክሬም፣ ጄል በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ያሳከካችሁ የቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ የክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ እየቀባችሁ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሳምንት ያህል እዩት። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። የፀጉር ቀለም ከሆነ ግን በፍጹም አትዝለሉት፤ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ሞክሩ። ቀለም ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባለው ነገር ፊት እስኪያብጥ ድረስ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል።

ከዚያ ግማሽ ራሳችሁን በአዲሱ፣ ግማሹን በለመዳችሁት ሥሩ። ቅዳሜ ማታ ይሁን። እሑድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማችሁ ግራና ቀኙን ስታዩ ማንም ሊዋሻችሁ አይችልም።

ፀጉሬን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሬ ዓይነቱን ማወቅ እችላለሁ?

አትልፉ። ቅባት የነካው ይንሳፈፋል፤ የታጠበው ይሰምጣል። ይልቅ ስትታጠቡ ፀጉራችሁ ቶሎ ይርሳል ወይስ ውኃው እየተንከባለለ ይወርዳል? ስንት ሰዓት ይፈጅበታል ለመድረቅ? ያ ይበቃችኋል።

መርካቶ በርካሽ ያገኘሁት ጄል መለያው ግማሽ ነው። ልግዛው?

አትግዙት። ማሸጊያው ያልተነካ፣ የምርት ቁጥሩና ቀኑ የሚነበብ ይሁን። የውበት መጠበቂያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ አጠራጣሪ ነገር ስታዩ ንገሩት። ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል ውስጥ 12 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ይቆያል ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ከእኔ አሥራ አንዱ አራቱ ዕድሜያቸው አልፏል።

ታዲያ አንቺ አሁን ምን ትቀቢያለሽ?

በበጋ ተልባ፣ በክረምት ግሊሰሪኑ ወደ ታች የወረደ አንድ ርካሽ ጄል። ያለፈባቸውን ጣልኩ። ደኅናዎቹን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠኋት፤ አንድ ጄልና አንድ ኮንዲሽነር። ትናንት ማታ ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ነጭ ነጭ ነገር ወጣብኝ።»

ያንን የሠርጉን ጄል ነው የሰጠኋት ለካ።